የጠቆረ የፊት መብራት፦ ችግሩና መፍትሄው

ይሄ ለውበት ብላችሁ የመኪናችሁን የፊት መብራት ጥቁር አስቀብታችሁ ችግር ለገጠማችሁ ነው። አምፖሉን፣ ፊውዙንና ሶኬቱን አይታችኋል ብዬ ልጀምር።

መብራቱ ከደበዘዘ፦ መስታወቱ ላይ ጥቁር ፊልም ተለጥፎ ወይም ስፕሬይ ተነፍቶበት ከሆነ ሌላ ምክንያት አትፈልጉ። ዛሬውኑ አንሱት። ማጥቆር ማለት ውስጥ ያለውን የፕላስቲክ ክፈፍ መቀባት ነው እንጂ ብርሃኑ የሚወጣበትን መዝጋት አይደለም። በጨለማ መንገድ የሚሻገረውን ሰው ዘግይታችሁ ነው የምታዩት። ለቦሎ ምርመራ ስትሄዱም መኪናችሁ ሊወድቅ ይችላል።

ቀለሙ ከተላጠ፦ ክፈፉ በብርጭቆ ወረቀት አልተፈገፈገም፣ ቀለሙን የሚያስይዘው የፕላስቲክ ፕራይመርም ከሥር አልተቀባም። እንደገና መሥራት ነው።

ውስጡ ጉም ከያዘ፦ አብዛኛው የሚመጣልኝ ይሄ ነው። መጀመሪያ ጉሙን ለዩት። ፀሐይ ሲመታው የማይጠፋ፣ ጭስ የመሰለ ከሆነ ቀለሙ ሳይደርቅ ነው የተዘጋው። አምፖሉ ሲሞቅ ከቀለሙ የሚወጣው ትነት መስታወቱ ላይ ይለጠፋል። እኔ ከቀባሁ በኋላ ሁለት ቀን ሳላቆይ አልዘጋም።

ጠዋት ታይቶ ረፋድ ላይ የሚጠፋ ከሆነ እርጥበት ነው። ጥፋቱም አዘጋጉ ላይ ነው። ባለፈው ነሐሴ ሌላ ቦታ ሦስት ጊዜ የተከፈተ ኮሮላ መጣልኝ። ስከፍተው የአቼቶ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። የቤት መስኮት የሚታሸግበት ሲሊኮን ነው የሞሉበት! ከታች አንድ ጣት ውሃ ተኝቷል። የሚያብረቀርቀው አንጸባራቂ ነጭ ነጭ ነጥብ አውጥቶ ተበልቷል። አቼቶ አቼቶ የሚሸት ሲሊኮን ሲደርቅ የሚተነው አሲድ ነው። ባለቤቱ ሁለቱንም መብራት አዲስ ገዛ። አንድ ጥቅል ቡቲል (መብራቱ የሚታሸግበት ሙጫ) ለመቆጠብ ሲባል የሰው ንብረት እንዲህ ሲበላሽ በጣም ያናድደኛል።

መብራቱን ከመኪናው አውርዶ የመክፈትና መልሶ የመዝጋት አሠራሩ ይሄ ነው። ብሎኖቹንና ቆላፊዎቹን በሙሉ ፍቱ። አንዷን ከረሳችሁ መስታወቱ ይሰነጠቃል። አምፖሎቹን አውጡ። መብራቱን ኦቨን ውስጥ እንጨት ላይ አስቀምጡትና በ100 ዲግሪ ገደማ ከ7 እስከ 10 ደቂቃ አሙቁት። የኦቨኑን ብረት እንዳይነካ፣ ሙቀቱንም እንዳትጨምሩ። ማስቲካ የመሰለው ጥቁር ቡቲል ሲለሰልስ ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። ካልለሰለሰ ፋብሪካው በሚጠነክር ማጣበቂያ ዘግቶታል ማለት ነው፤ አታስገድዱት። አንጸባራቂውን በጨርቅም በጣትም አትንኩ፤ ሽፋኑ ስስ ነው፣ ይፋቃል። አሮጌውን ሲሊኮን የመስታወቱ ጠርዝ ከሚገባበት ቦይ ውስጥ እስከ መጨረሻው ፍቃችሁ አውጡ። ትንሽ እንኳ ከቀረ አዲሱ ቡቲል አይይዝም። ቡቲሉን ሳይቆራረጥ ዙሩበት፣ እንደገና አሙቁት፣ ጨምቃችሁ ብሎኑን እሰሩ። ከኋላ ያለችውን ትንሽ የጎማ ቱቦ አትድፈኑ፤ መብራቱ የሚተነፍሰው በእሷ ነው።

ከዚያ መኪናው ላይ ሳትገጥሙት አምስት ደቂቃ ውሃ አፍስሱበትና ውጭ አሳድሩት። ጠዋት ንጹህ ከሆነ መልሳችሁ ግጠሙት።