የአሮጌ ላንድክሩዘር የፊት እግር ዘይት ሲያፈስ፦ ፈትቶ የማደስ አሠራር

ክረምቱን በሱሉልታ ወይም በሰንዳፋ ዋልካ ውስጥ ሲመላለስ የከረመ ባለ 70 ሞዴል ላንድክሩዘር፣ መስቀል ካለፈ በኋላ ቅድሚያ መታየት ያለበት የፊት እግሩ ነው። የ1ኤችዜድ ሞተር ዘይቱና ፊልትሮው በጊዜው ከተቀየረለት ብዙ ይችላል። የፊት አክስል ግን ውሃና ጭቃ አንዴ ከገባበት ውስጥ ውስጡን ያልቃል።

መጀመሪያ መሪውን ጨርሰው አዙረው ከጎማው ኋላ ያለውን ትልቅ ኳስ ይመልከቱ። ስስ የግሪስ ወዝ ካለው ጤነኛ ነው። ቀጭን ዘይት ወርዶ የጎማውን ውስጠኛ ጎን ካራሰ ግን የአክስሉ ውስጠኛ ኦይል ሲል (ዘይት እንዳያልፍ የሚይዘው የላስቲክ ቀለበት) አልቋል፤ የዲፈረንሻል ዘይት ወደ ኳሱ ቤት እያለፈ ግሪሱን እንደ ሾርባ አቅጥኖታል። ቀጥሎ ጎማውን በክሪክ አንስተው ከላይና ከታች ይዘው ይወዝውዙት። ከተነቃነቀ አንድ ሰው ፍሬን ይርገጥልዎት። ንቅናቄው ከጠፋ ችግሩ የሞዞ (ጎማው የሚታሰርበት መሃል) ኩሽኔታ ነው፤ ካልጠፋ ኳሱን ከላይና ከታች የያዙት የፒን ኩሽኔታዎች ናቸው።

አዲስ አበባ መለዋወጫ ገበያው ሱማሌ ተራ ሲሄዱ የሁለቱን እግር ሙሉ የጥገና ኪት ይግዙ። የአክስልና የሞዞ ኦይል ሲሎች፣ የኳሱ ላስቲክና ሱፍ፣ ጓርኒሽኖቹና የዳዶ መቆለፊያ ቆርቆሮዎቹ መሟላታቸውን እዚያው ከፍተው ይቁጠሩ። ለሲቪ ጆይንቱ (ጎማው ታጥፎም አክስሉን የሚያዞረው መገጣጠሚያ) ሞሊብዲነም ያለው ግሪስ 2 ኪሎ ያህል፣ ለሞዞ ኩሽኔታ ሊትየም ግሪስ፣ ለዲፈረንሻሉ 80ደብሊው-90 ጂኤል-5 ዘይት 3 ሊትር ግድም ያዘጋጁ። የሞዞውን ዳዶ የሚፈታ ቁጥር 54 ቡሶላም ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ ይህን ዳዶ በመሮና በመዶሻ ሲያዞሩት ይታያል፤ የሚፈለፈለው ብረት ኩሽኔታው ውስጥ ገብቶ አዲሱን ዕቃ ይበላዋል።

መኪናውን ጠንካራ መሬት ላይ አቁመው አክስሉን በማቆሚያ ይደግፉ፤ ክሪክ ብቻውን አይታመንም። ካሊፐሩን ፈትተው በሽቦ ይስቀሉት፣ በፍሬን ዘይት ቱቦው እንዳይንጠለጠል። የሎኩ (ሞዞውን ከአክስሉ ጋር የሚያያይዘው) ዳዶዎች ሲወልቁ ሾጣጣ ቀለበቶቹ ተጣብቀው ይቀራሉ፤ ጎናቸውን በነሐስ ዘንግ መታ መታ ሲያደርጉ ይለቃሉ። ከዚያ ሞዞው፣ ሞዞው የሚዞርበት ስፒንድል፣ በመጨረሻ ከነሲቪ ጆይንቱ አክስሉ ይወጣል። ፒኖቹን ከፈቱ ከሥራቸው ያሉትን ሺሞች (ስስ የማስተካከያ ቆርቆሮዎች) የላዩን ከላይ፣ የታቹን ከታች ለይተው ያስቀምጡ። ከተቀያየሩ ኳሱ መሃሉን ይስታል፣ አዲሱ ሲልም በአንድ ወገን ይበላል።

ሁሉንም በናፍታ አጥበው ያድርቁ። ኳሱ ላይ ዝገት ካለ በቁጥር 400 ብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱት። ሲቪ ጆይንቱ ሲታጠፍ የሚያንኳኳ ሆኖ ስንጥቅ ከሌለው የግራና የቀኙን ማለዋወጥ ይቻላል፤ የሚያልቀው ወደ ፊት ሲነዳ የሚጫነው ወገን ስለሆነ፣ ሲለዋወጡ ያልተበላው ወገን ሥራ ይጀምራል።

ኩሽኔታውን በጣት መለቅለቅ አይበቃም። መዳፍዎ ላይ ግሪስ ከምረው የኩሽኔታውን ሰፊ ጠርዝ ደጋግመው እየጫኑ ይግመጡት፣ ግሪሱ በወዲያኛው ጫፍ በሮለሮቹ መካከል እንደ ክር ብቅ እስኪል። ሲቪ ጆይንቱን ጠቅጥቀው ይሙሉ፣ የኳሱን ቤት ግን ከአራት ሦስት እጁን ብቻ። አክስሉን ሲመልሱ ከሥሩ በእጅ ይደግፉት፤ ከተጎተተ አዲሱን ሲል ይቀድደዋል።

ሥራው የሚበላሸው ሞዞውን በሚይዙት ሁለት ዳዶዎች ላይ ነው። የውስጠኛውን በ60 ኒውተን ሜትር አጥብቀው ሞዞውን ወዲያና ወዲህ ያሽከርክሩ፣ ያላሉት፣ መልሰው ቀለል አድርገው ያጥብቁት። ተንጠልጣይ የስፕሪንግ ሚዛን በጎማው ቡሎን ላይ አስገብተው ሲስቡ ሞዞው ከ3 እስከ 5.5 ኪሎ ባለው መካከል መዞር መጀመር አለበት። የውጪውን ዳዶ ካጠበቁ በኋላ እንደገና ይለኩ፣ ምክንያቱም ይጨምራል። ከዚያ በሁለቱ ዳዶዎች መካከል ያለውን የመቆለፊያ ቆርቆሮ አንድ ምላስ ወደ ውስጥ፣ አንዱን ወደ ውጪ ያጥፉ።

የአክስሉን መተንፈሻ ሳያዩ አይዝጉ። በጭቃ ከተደፈነ የሞቀው አየር መውጫ አጥቶ ዘይቱን በሲሉ በኩል ይገፋል፤ የጋለ አክስል ወንዝ ሲገባ ደግሞ በድንገት ቀዝቅዞ ውሃ ይስባል። ቱቦውን እስከ ሞተር ክፍሉ ድረስ አስረዝመው ከፍ አድርገው ይሰሩት። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ሞዞዎቹን በእጅ ይዳስሱ፤ አንዱ ከሌላው በጣም ከሞቀ ዳዶው ጠብቋል ወይም ፍሬኑ ይዟል። የዲፈረንሻሉንም ታፓ ከፍተው ዘይቱን ይዩ፤ ወተት መስሎ ከነጣ ውሃ ገብቷልና ያለ ቀጠሮ ይቀየር።