ያላለቀ የኤፒክ ፋንታሲ ተከታታይ፦ ልጀምረው ወይስ ይቅርብኝ?

ኤፒክ ፋንታሲ የሚባለው በምናብ በተፈጠረ ዓለም የሚካሄድ ረጅም ልብ ወለድ ነው። ጆርጅ አር. አር. ማርቲን የ"ኤ ሶንግ ኦፍ አይስ ኤንድ ፋየር"ን አምስተኛ ቅጽ ያወጣው በ2011 ነው። ስድስተኛው እስካሁን አልወጣም። ፓትሪክ ሮትፈስም "ዘ ኪንግኪለር ክሮኒክል" የተባለውን ተከታታዩን ሁለተኛ ቅጽ በዚያው ዓመት አሳትሞ ሦስተኛውና የመጨረሻው እየተጠበቀ ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስለዚህ አንድ ሰው ከማርቲን ተከታታይ የተሠራውን የቴሌቪዥን ፊልም አስቦ "ጌም ኦፍ ትሮንስን ከመጽሐፉ ልጀምረው?" ብሎ ሲጠይቅ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ "ተወው፣ አያልቅም" የሚል ነው። የችኮላ መልስ ነው። ተከታታዩ ይለቅ አይለቅ ደራሲው ራሱም ላያውቅ ይችላል። ዛሬ በእጅ ያለው የመጨረሻ ቅጽ አንባቢውን ምን ላይ ጥሎት እንደሚሄድ ግን አሁኑኑ አጣርቶ ማወቅ ይቻላል። ውሳኔው መነሳት ያለበትም ከዚያ ነው።

ክፍተቱን ቁጠሩ

ወረቀት አውጡና ቅጾቹ የታተሙባቸውን ዓመታት በተርታ ጻፉ፤ በመካከላቸው ያለውንም ልዩነት አስሉ። የማርቲን 1996፣ 1998፣ 2000፣ 2005፣ 2011 ነው። ክፍተቱ 2፣ 2፣ 5፣ 6፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ከ14 ዓመት በላይ። የብራንደን ሳንደርሰን "ዘ ስቶርምላይት አርካይቭ" 2010፣ 2014፣ 2017፣ 2020፣ 2024 ነው፤ ክፍተቱ 4፣ 3፣ 3፣ 4። ሁለቱም ያላለቁ ናቸው፤ የሁለተኛው ደራሲ ግን የሥራውን ልክ እንደሚያውቅ ከቁጥሩ ይታያል።

ክፍተቱ እየሰፋ ሲሄድ አንባቢ ደራሲውን በስንፍና ይከሳል። እኛ እንደምናየው ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ሴራው ውስጥ ነው። ማርቲን ሲነሳ ያቀደው ሦስት ቅጽ ብቻ ነበር። ከሦስተኛው በኋላ ሕፃናቱ ገጸ ባሕርያት እንዲያድጉለት ታሪኩን አምስት ዓመት ወደፊት ሊያዘልለው አሰበ፤ አልሆን ሲለው ተወው። የተዘለለውን ጊዜ መጻፍ ሲጀምር አራተኛው ቅጽ ከልክ በላይ አበጠና ገጸ ባሕርያቱ ባሉበት አገር ለሁለት ተከፈለ፦ ግማሾቹ ገጸ ባሕርያት በ2005 ቅጽ ገቡ፣ የቀሩት እስከ 2011 ጠበቁ። በመጀመሪያው ቅጽ፣ መቅድሙን ሳንቆጥር፣ ታሪኩ የሚታየው በስምንት ሰዎች ዓይን ነው። በአምስተኛው፣ መቅድሙንና የመዝጊያ ምዕራፉን ሳንቆጥር፣ 16 ሆነዋል። ለእያንዳንዱ መጨረሻ ማበጀት ያስፈልጋል፤ የአንዱ መጨረሻ ደግሞ ከሌላው ጋር መግጠም አለበት። ይህን ራሳችሁ ማየት ትችላላችሁ፤ ማርቲን ምዕራፎቹን የሚሰይመው በባለታሪኮቹ ስም (በኋለኞቹ ቅጾች አንዳንዴ በቅጽላቸው) ስለሆነ የየቅጹን የምዕራፍ ስሞች ገለጥ ገለጥ አድርጎ መቁጠር ይበቃል። የባለታሪኮቹ ቁጥር በየቅጹ የሚጨምር፣ ክፍተቱም አብሮ የሚሰፋ ከሆነ፣ ቀጣዩ ቅጽ አይመጣም ብላችሁ ወስኑ። ከመጣ እሰየው።

የትኛውን ዜና ማመን ይገባል?

"ጽፌዋለሁ" እና "ይወጣል" ለየቅል ናቸው። የሮትፈስ የመጀመሪያ ቅጽ በ2007 ሲወጣ የሦስቱም ረቂቅ እንዳለቀና ቀሪዎቹ በየዓመቱ እንደሚከተሉ ተነግሮ ነበር። ሁለተኛው አራት ዓመት ወሰደ። ረቂቅ ሲታረም ይፈርሳል፣ እንደገና ይሠራል፤ በተለይ የመጨረሻው ቅጽ ቀደምቶቹ የገቡትን ቃል ሁሉ መክፈል ስላለበት። ቀድመው የሚለቀቁ ናሙና ምዕራፎችም ማስረጃ አይሆኑም፤ ከስድስተኛው የማርቲን ቅጽ በርካታ ምዕራፎች ከተነበቡ ዓመታት አልፈዋል። የኢንተርኔት መጻሕፍት መደብሮች የሚለጥፉት ቀንም ብዙ ጊዜ ቦታ መያዣ ነው። የሚታመነው አሳታሚው ራሱ ቀን ቆርጦ፣ ሽፋኑን አሳይቶ፣ ረቂቁ ተጠናቆ መረከቡን ሲናገር ነው። ሳንደርሰን በድረ ገጹ ላይ የየመጽሐፉን ሂደት በመቶኛ ያሳያል። ያም ቢሆን የመጀመሪያው ረቂቅ 100 በመቶ ሲደርስ ገና እርማቱ እንደሚቀር አትርሱ።

መቆሚያውን ፈልጉ

ዋናው ሥራ ይህ ነው። ያላለቀ ተከታታይ ውስጥ አንባቢ በእርጋታ ሊያርፍበት የሚችል ቅጽ መኖር አለመኖሩን ማጣራት።

በማርቲን ዘንድ ያ ቦታ ሦስተኛው ቅጽ፣ "ኤ ስቶርም ኦፍ ሶርድስ" ነው። ከመጀመሪያው ቅጽ የተለኮሰው ጦርነት አብዛኛው ሒሳቡ የሚወራረደው እዚያ ነው። ሁሉም ነገር አያልቅም፤ ግን ከባድ ከባዱ ጥያቄ መልስ ያገኛል። አራተኛውና አምስተኛው አዲስ ሰዎችንና አዲስ አገሮችን ያስገባሉ፤ አምስተኛው ሲዘጋ በርካታ ባለታሪኮች በአደጋ መሀል ተንጠልጥለው ይቀራሉ። ስለዚህ ምክራችን ቁርጥ ያለ ነው፦ ሦስቱን አንብቡና አንድ ወር እረፉ። ልባችሁ አሁንም እዚያው ከሆነ ቀጥሉ፤ ካልሆነ ሦስት ታላላቅ መጻሕፍት አንብባችኋል።

ሳንደርሰን አሥር ቅጽ አቅዶ ለሁለት አምስት አምስት ከፍሎታል። በ2024 የወጣው አምስተኛው፣ "ዊንድ ኤንድ ትሩዝ"፣ የመጀመሪያው ምድብ መዝጊያ ነው። ወደ ስድስተኛው ከመመለሱ በፊት ሌሎች ተከታታዮችን እንደሚጽፍም አስታውቋል፤ የሚጀምር ሰው ይህን አውቆ ይግባ።

የሮትፈስ ከባድ ነው። አንድ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት የሕይወቱን ታሪክ ለጸሐፊ በሦስት ቀን ይተርካል፤ እያንዳንዱ ቅጽ አንድ ቀን ነው። የሁለተኛው ቀን ማታ ጸጥ ያለ ስለሆነ አዘጋጉ አያስደነግጥም። ነገር ግን ባለታሪኩ ገና ሲጀምር "ይህን አደረግሁ" ያላቸው ታላላቅ ነገሮች አብዛኞቹ አልተተረኩም። መጨረሻውን ለማወቅ የሚያነብ ሰው ይህን ባይጀምር ይሻለዋል። ለቋንቋው፣ ለዐረፍተ ነገሩ ዜማ የሚያነብ ግን የመጀመሪያውን ቅጽ፣ "ዘ ኔም ኦፍ ዘ ዊንድ"ን፣ አይለፈው። ውበቱ ለብቻውም ሙሉ ነው።

የስኮት ሊንች "ጀንትልማን ባስተርድ" ሰባት ቅጽ የታቀደለት ሆኖ ሦስት ወጥቶለታል፦ 2006፣ 2007 እና 2013። የመጀመሪያው፣ "ዘ ላይስ ኦፍ ሎክ ላሞራ"፣ የሌቦቹን ሴራ ጀምሮ ራሱ ይጨርሰዋል። ያላለቀ ተከታታይ እስከ ዛሬ ሞክሮ ለማያውቅ ሰው ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ አናውቅም። ሁለተኛው ግን ልብ አንጠልጥሎ ይዘጋል፤ ከገባችሁ ሦስተኛውን አጠገባችሁ አስቀምጡ።

ሌላ ተከታታይ ከሆነ የያዛችሁት፣ ያነበበ ሰው ፈልጉና እንዲህ ጠይቁት፦ "የመጨረሻው ቅጽ ሲዘጋ ዋናው ባለታሪክ አርፏል ወይስ አደጋ ላይ ነው? ሌላ አትጨምርልኝ።" ከሁለተኛው ቅጽ ጀምሮም የትኛው ላይ ማቆም እንደሚቻል ጠይቁት። ጥያቄው ጠባብ ካልሆነ አንባቢ ሲወድ አፉ አያርፍም፤ ሳታስቡት የማንን ሞት ሰምታችሁ ትመለሳላችሁ። የገጸ ባሕርይ ስም ኢንተርኔት ላይ አትፈልጉ፤ ስሙን ጽፋችሁ ሳትጨርሱ መፈለጊያው "ሞት" የሚለውን ቃል ይጨምርላችኋል። የኋለኞቹን ቅጾች የጀርባ ዝርዝርም ቀድማችሁ አትግለጡ፤ በማርቲን መጻሕፍት መጨረሻ ላይ ያለው የየቤተሰቡ የዘር ዝርዝር በቀደመው ቅጽ ማን እንደሞተ በግልጽ ይናገራል።

ጊዜና ገንዘብ

በእንግሊዝኛ ለሚያነብ አማርኛ ተናጋሪ ስሌቱ ከመጽሐፍ ሻጮች ማስታወቂያ ይለያል። ሰዓት ይዛችሁ 20 ደቂቃ አንብቡ። የአንድ ገጽ ቃላት ቁጠሩና በገጾቹ ብዛት አባዙ። 3,000 ቃል ከሆነ በሰዓት 9,000 ነው። አምስቱ የማርቲን ቅጾች በአንድ ላይ 1.7 ሚሊዮን ቃል ያህል ናቸው፤ ይህ 190 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በቀን 45 ደቂቃ ለሚያነብ ከስምንት ወር በላይ ነው። እስከ ሦስተኛው ብቻ ከሆነ አምስት ወር ገደማ። በጆሮ ለሚከታተል የመጀመሪያው ቅጽ ትረካ ወደ 34 ሰዓት ነው፤ የስቶርምላይት የመጀመሪያ ቅጽ ደግሞ ወደ 45 ሰዓት።

ሙሉውን በካርቶን አንድ ላይ አትግዙ። አንደኛውን ብቻ ግዙ፤ ሲጋመስ ሁለተኛውን እዘዙ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ እንዲያመጣላችሁ ከላካችሁ አንድ ነገር አስጠንቅቁት፦ በእንግሊዝ አገር በለስላሳ ሽፋን የሚሸጡት የማርቲን ሦስተኛና አምስተኛ ቅጾች እንዲሁም የስቶርምላይት መጻሕፍት እያንዳንዳቸው ለሁለት ተከፍለው ይታተማሉ። "ክፍል 1" የሚለውን ብቻ ይዞ ከመጣ ግማሹ ለንደን ቀረ ማለት ነው። በአሜሪካ እትም አንድ ወጥ ናቸው።

መሞከሪያው

የኢ-መጽሐፍ መደብሮች የመጀመሪያ ምዕራፎችን በነፃ ይሰጣሉ፤ ከዚያ ጀምሩ። በመቅድሙ ግን አትፍረዱ። በኤፒክ ፋንታሲ መቅድም ውስጥ የሚታዩ ሰዎች ብዙ ጊዜ አይመለሱም፤ ስም ይበዛል፣ ነገሩ ይጨልማል፣ አንባቢም እዚያው ይሰለቻል። የማርቲንን የመጀመሪያ ቅጽ፣ "ኤ ጌም ኦፍ ትሮንስ"ን፣ ከመቅድሙ በኋላ እስከ ስምንተኛው ምዕራፍ መጨረሻ ያንብቡት። ያ ምዕራፍ ሲዘጋ እጃችሁ ገጹን ለመግለጥ ካልቸኮለ ቀሪው ብዙ ገጽ አይለውጣችሁም። ለሌሎቹ 100 ገጽ ተመጣጣኝ መለኪያ ነው፤ ለስቶርምላይት ግን 200 ስጡት፣ ዓለሙ እንግዳ ስለሆነ ቀስ ብሎ ነው የሚከፈተው።

ተከታታይ ፊልሙን ያየ ሰው "መጨረሻውን አውቀዋለሁ" እንዳይል። በ2011 የጀመረው ፊልም መጽሐፉን ቀድሞ ሄዶ በ2019 አለቀ። በአራተኛውና በአምስተኛው ቅጽ ፊልሙ ውስጥ ጨርሶ የሌሉ ሰዎችና ጉዳዮች አሉ፤ መጽሐፉ በዚያው መንገድ እንደሚያልቅ ምንም ዋስትና የለም።

ደራሲው ቢሞትስ?

የሮበርት ጆርዳን "ዘ ዊል ኦፍ ታይም" በ1990 ተጀምሮ ደራሲው በመስከረም 2007 ሲያርፍ አላለቀም ነበር። ብዙ ማስታወሻና በድምፅ የተቀረጸ መመሪያ ትቶ ነበር። ባለቤቱና አርታኢው ሃሪየት ማክዱጋል ሳንደርሰንን መረጠች፤ አንድ ይሆናል የተባለው መዝጊያ ሦስት ቅጽ ሆኖ በ2013 ተጠናቀቀ። 14 ቅጽ፣ ከ4 ሚሊዮን በላይ ቃል። እንዲህ ሊሆን የቻለው ማስታወሻ ስለነበረ፣ ቤተሰቡም ስለፈቀደ ነው። የአንድን ተከታታይ ዕድል ስትመዝኑ እነዚህን ሁለቱን ጠይቁ።

"ሲያልቅ አነባለሁ" የሚለው ስልት ለማርቲን ዓይነት ደራሲ ምንም አይጎዳም፤ ከእናንተ ግዢ ጋር የተያያዘ ነገር የለውም። ለአዲስ ደራሲ ግን ይጎዳል። አሳታሚ ሦስተኛውን ቅጽ የሚያሳትመው የመጀመሪያው ተሽጦ ሲያይ ነው። ሁሉም ከጠበቀ ተከታታዩ መሀል መንገድ ላይ ይቋረጣል። የወደዳችሁት አዲስ ደራሲ ካለ ማንበቡን ብታዘገዩት እንኳ የመጀመሪያውን ቅጽ በወጣበት ዓመት ግዙት።

ከጀመራችሁ

ደብተር ያዙ። የእያንዳንዱን ቅጽ መጨረሻ ገጽ እንደዘጋችሁ፣ በሚቀጥለው ቀን ሳይሆን ያኑ ዕለት፣ አንድ ገጽ ጻፉ፦ ማን የት ነው፣ ማን ከማን ጋር ተጣልቷል፣ ማን የማያውቀው ምን ምስጢር አለ። የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል፤ ከዓመታት በኋላ ስምና ቦታ ከዝርዝር ይገኛል፣ ማን ምን እንደማያውቅ ግን ካልተጻፈ ይጠፋል።

የቀጣዩ ቅጽ ቀን በአሳታሚው ሲረጋገጥ ደብተሩን አውጡና ወደ ኋላ ቁጠሩ። የመጨረሻውን ቅጽ ብቻ እንደገና ለማንበብ፣ 400,000 ቃል ከሆነ፣ ከላይ ባለው ፍጥነት ሁለት ወር ይበቃል። ከመጀመሪያው ለመነሳት ካሰባችሁ ግን የስድስት ወር ወሬ ሳይሆን እንደ ቅጾቹ ብዛት እስከ ዓመት የሚደርስ ነው፤ ቀኑ በተነገረ ሳምንት ጀምሩ።