የካሜራ ኢንሹራንስ፦ ከውጭ ሀገር ቤታችሁ እስከ ሰሜን ሸዋ

አከራያችሁ ኢንሹራንስ አለው ማለት ካሜራችሁ ኢንሹራንስ አለው ማለት አይደለም። የእሱ ውል ግድግዳውንና ጣሪያውን ነው የሚሸፍነው፤ ውስጥ ያለው ዕቃ የተከራዩ ጉዳይ ነው። ከደብረ ብርሃን፣ ከመንዝ፣ ከሸዋ ሮቢት ወይም ከሚንጃር ወጥታችሁ ገና ውጭ ሀገር የገባችሁ፣ በተለይ ቅዳሜና እሑድ የአበሻ ሠርግ እየቀረጻችሁ ኑሮን ለመደጎም ያሰባችሁ፣ ይህን ጉዳይ ካሜራው በተገዛ ሳምንት ብትጨርሱት ይሻላል።

አሜሪካ ውስጥ መነሻው ሬንተርስ የሚባለው የተከራይ ኢንሹራንስ ነው። ስርቆትንና እሳትን ይሸፍናል፤ ካሜራው ከእጃችሁ ወድቆ ቢሰበር ወይም የት እንደጠፋ ባይታወቅ ግን በመደበኛው ውል አይከፈልም። ከመፈረማችሁ በፊት ካሳው በአዲስ ዕቃ ዋጋ ይሰላ ወይስ እርጅና ተቀንሶ፣ ዲዳክቲብሉስ፣ ማለትም ከካሳው ላይ የሚቀነሰው የእናንተ ድርሻ፣ ስንት እንደሆነ ጠይቁ። ለምሳሌ በ2,400 ዶላር የተገዛ ካሜራ ከ3 ዓመት በኋላ 1,100 ተብሎ ቢገመትና ዲዳክቲብሉ 500 ቢሆን እጃችሁ የሚገባው 600 ዶላር ነው፤ በእሱ ደህና ሌንስ እንኳ አይገዛም። ስለዚህ ውድ ውድ የሆኑትን ካሜራውንና ሌንሶቹን በየስማቸውና በየሴሪያል ቁጥራቸው ለይቶ ማስመዝገብ ያዋጣል። እንዲህ የተመዘገበ ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ ለመውደቅም ለመጥፋትም ይሸፈናል፤ ዲዳክቲብልም ላይኖረው ይችላል።

እንግሊዝ ሀገር የቤት ዕቃ ኢንሹራንስ ለአንድ ዕቃ የሚከፍለው ጣሪያ አለው፤ ብዙ ጊዜ 1,500 ወይም 2,000 ፓውንድ ነው። ከዚያ የሚበልጠው በስሙ ካልተገለጸ ጣሪያው ድረስ ብቻ ይከፈላል፤ ከቤት ውጭ ለሚደርሰው ደግሞ ተጨማሪ ሽፋን መግዛት ያስፈልጋል። ጀርመን ውስጥ ሀውስራት የሚባለው የቤት ዕቃ ውል ቤት ተሰብሮ ሲዘረፍ ወይም በማስፈራራት ሲነጠቅ ይከፍላል፤ ካፌ ተቀምጣችሁ ከአጠገባችሁ ቦርሳ ቢነሳ ግን በመደበኛው ውል አይከፍልም።

ብዙ ሰው የሚወድቀው ገቢ ላይ ነው። የግል ዕቃ ተብሎ የተመዘገበ ካሜራ በክፍያ ሠርግ ሲቀረጽበት ቢሰረቅ ኩባንያው «ይህ የንግድ ዕቃ ነው» ብሎ ሊመልሳችሁ ይችላል። ማስታወቂያችሁ ከነስልክ ቁጥሩ ቲክቶክ ላይ እያለ «ለዘመድ ብቻ ነው» ማለት አያዋጣም፤ የኩባንያው ገምጋሚ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። በወር አንድ ሠርግም ቢሆን የምትሠሩ ከሆነ የሥራ ዕቃ ሽፋን ግዙ።

ማስረጃው ደረሰኝና ሴሪያል ቁጥር ነው። ቁጥሩ የካሜራው ሆድ ላይ፣ የሌንሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከካሜራው ጋር በሚገጠምበት በኩል ይገኛል። በግልጽ ፎቶ አንሱትና ለራሳችሁ በኢሜይል ላኩት። ከሀገር ልጅ እጅ በእጅ የምትገዙ ከሆነ ገንዘቡን በባንክ አስተላልፉ፤ ሴሪያል ቁጥሩ ያለበት የሽያጭ ወረቀትም አስፈርሙ። ብዙ ካሜራዎች ቁጥሩን በየፎቶው ፋይል ውስጥ ስለሚጽፉት ያልተነካካ አንድ ኦሪጅናል ፋይል ማስቀመጥም ይጠቅማል።

ወደ ሀገር ቤት ስትሄዱ ውሉ ኢትዮጵያን ይጨምር እንደሆነ፣ ለስንት ቀንስ እንደሚሠራ በኢሜይል ጠይቁ፤ የስልክ መልስ በኋላ አይገኝም። የጦርነትና የአመፅ አንቀጹንም አንብቡ። አማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በግጭት ውስጥ ስለቆየ የምትኖሩበት ሀገር መንግሥት «አትሂዱ» ብሎ ካስጠነቀቀ አንዳንዱ የጉዞ ኢንሹራንስ ጭራሽ አይሠራም፤ ታጣቂ የወሰደው ዕቃም «ስርቆት ነው ወይስ ጦርነት» የሚል ክርክር ያስነሳል።

ካሜራውን በእጅ ሻንጣ ያዙ። የአየር መንገዶችን ተጠያቂነት በሚወስነው ዓለም አቀፍ የሞንትሪያል ስምምነት አየር መንገድ ለጠፋ ሻንጣ የሚከፍለው ጣሪያ ከዲሴምበር 28 ቀን 2024 ጀምሮ 1,519 ኤስዲአር (የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ) ነው፤ ካርጎ ለገባ ካሜራ ግን ብዙ አየር መንገዶች በጉዞ ውላቸው ኃላፊነት አይወስዱም። ትርፍ ሊቲየም ባትሪ ካርጎ አይገባም፤ እስከ 100 ዋት ሰዓት በእጅ ሻንጣ ይፈቀዳል፣ ከ100 እስከ 160 ያለው ግን በአየር መንገዱ ፈቃድ ከሁለት አይበልጥም። ከአሜሪካ የምትነሱ ካሜራውን ይዛችሁ ጉምሩክ ዘንድ ፎርም 4457 ሞልታችሁ አስፈርሙ፤ ስትመለሱ ከውጭ የገዛችሁት እንዳይመስል ያደርጋል። ድሮን ያለ ፈቃድ ይዛችሁ አትምጡ። ቦሌ ጉምሩክ ይይዘዋል፤ በባለሥልጣን የተወረሰ ዕቃ ደግሞ በኢንሹራንስ አይካስም።

ደብረ ብርሃን ቁርስ ለመብላት ስትወርዱ ካሜራውን የመኪናው ወንበር ላይ ከተዋችሁት ኢንሹራንሱም እዚያው ቀረ። ውሎቹ የሚፈልጉት በተቆለፈው የመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ከዓይን የተሰወረ ዕቃና የመሰበር ምልክት ነው። ለወንድም ወይም ለአጎት ልጅ ትታችሁት የሄዳችሁት ካሜራ በአብዛኛው ከሽፋን ውጭ ነው፤ ባመናችሁት ሰው እጅ የጠፋ ዕቃም እንዲሁ። በሚንጃሩ የኢራንቡቲ ጥምቀት ግፊያ ውስጥ ቦርሳውን በጀርባ ሳይሆን በደረት ያዙ። ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው የመንዝ ጓሳ ብርድ ወይም ከጣርማበር ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ስትወርዱ ቦርሳውን ቶሎ አትክፈቱ፤ ቀዝቃዛ ሌንስ ሞቃት አየር ሲነካው ውስጡ ጤዛ ይይዛል። አንድ ሁለት ሰዓት ተዘግቶ ይሙቅ፤ እርጥበትና ሻጋታ ቀስ በቀስ ያበላሸውን ማንም አይከፍልም።

ዕቃው ከተሰረቀ ለተሰረቀበት ወረዳ ፖሊስ በዚያው ቀን አመልክቱ፤ ብዙ ውሎች 24 ሰዓት ነው የሚሰጡት። ፖሊስ የሚሰጣችሁ ደብዳቤ ላይ «አንድ ካሜራ» ብቻ እንዳይጻፍ፤ ስሙ፣ ሞዴሉና ሴሪያል ቁጥሩ ይግባ፣ የደብዳቤ ቁጥርና ማህተምም ይኑረው። ስማችሁን ከነአያታችሁ ከፓስፖርታችሁ አስገልብጡት፤ ኩባንያው የሚያውቃችሁ በአያታችሁ ስም ሊሆን ይችላል።

ትልቁ ጣጣ ቀኑ ላይ ነው። ፖሊሱ «ጥር 11 ቀን 2017 ከቀኑ 8 ሰዓት» ብሎ ይጽፋል። ደብዳቤውን ለኩባንያው የሚተረጉመው ሰው ወሩን ብቻ ቀይሮ 2017ን እንዳለ ካሳለፈው ስርቆቱ ውሉ ከመፈረሙ ከዓመታት በፊት የተፈጸመ ይመስልና ጥያቄያችሁ ውድቅ ይሆናል። ትርጉሙ ላይ ጃንዋሪ 19 ቀን 2025፣ 14:00 ተብሎ ይስፈር፤ የአማርኛው ደብዳቤ ቅጂም አብሮ ይያያዝ። ለኩባንያው ግን ትርጉሙን ሳትጠብቁ፣ እዚያው ሳላችሁ፣ በሁለት መስመር ኢሜይል አሳውቁ።