ሁለት ጠባብ ጨረሮች እንዴት ይገናኛሉ? በ60 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ንድፍ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

በ60 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ገመድ አልባ መስመር የሚነድፍ ሰው በብዛት የሚሳሳተው በአንቴናው ስሌት አይደለም። በዚህ ሞገድ አንቴናው ምልክቱን በጠባብ ጨረር ወደ አንድ አቅጣጫ ይልካል። የሚሳሳተው አንቴናው ወዴት እንደዞረ የማያውቅ ፕሮቶኮል (የመሣሪያዎች መነጋገሪያ ደንብ) ሲጭንበት ነው።

ከሁሉ የሚብሰው ዝምታን እንደ ግጭት መቁጠር ነው። በተለመደው ዋይፋይ መልስ ካልመጣ መልእክቶች እንደተጋጩ ይታሰባል፤ ላኪውም የመጠበቂያ ጊዜውን ጣሪያ በእጥፍ እያሳደገ ደግሞ ይሞክራል። በጠባብ ጨረር ግን ተቀባዩ ፊቱን አዙሮ ከሌላ መሣሪያ ጋር እያወራ ሊሆን ይችላል። ጀርባውን የሰጠ ሰው ሲጠሩት ዝም ቢል አልሰማም እንጂ አልተቀየመም። ምስኪኑ ላኪ ይህን ስለማያውቅ፣ ተቀባዩ ሥራ ሲፈታ እሱ ገና ረጅም ጥበቃ ላይ ነው። ማን ከማን ጋር መቼ እንደሚነጋገር ቀድሞ መመደብ ይህን ያቃልላል። እ.ኤ.አ. በ2012 የጸደቀው የ60 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ደንብ፣ 802.11ኤዲ፣ ሽሚያንም ምደባንም ይፈቅዳል፤ መሣሪያው ሲበዛ እኔ ለምደባው አደላለሁ።

ሌላው ስህተት በፍለጋ ላይ ነው። ሁለቱም ወገኖች 32 አቅጣጫ ቢኖራቸውና በጠባብ ጨረር ብቻ ቢፈላለጉ 1,024 ሙከራ ያስፈልጋል። አንዱ ጨረሩን ዙሪያውን ሲያዳርስ ሌላው ጆሮውን አስፍቶ ቢያዳምጥ፣ ከዚያም ተራ ቢለዋወጡ፣ 64 ይበቃል። በነጻ ግን አይገኝም፦ ጆሮው ሲሰፋ አንቴናው ጉልበት ያጣል። ስለዚህ የፍለጋው መልእክት ቀርፋፋ ግን ጠንካራ መሆን አለበት፤ 802.11ኤዲ ለዚህ የመደበው በሴኮንድ 27.5 ሜጋ ቢት ነው። ይህ ከተዘነጋ፣ መረጃ ሊደርሰው የሚችል መሣሪያ ሳይገኝ ይቀራል።

«ኦክስጅን ሞገዱን ይውጠዋል» ብሎ መፍራትም አለ። በኪሎ ሜትር 15 ዴሲቤል (የምልክት ጉልበት መጨመርና መቀነስ መለኪያ) ያህል መዋጡ እውነት ነው፤ በ10 ሜትር ክፍል ውስጥ ግን 0.15 ዴሲቤል ብቻ ነው። ይልቅ የሚያስፈራው በመካከል የሚያልፍ ሰው ነው፤ 20 ዴሲቤልና ከዚያ በላይ ሊነጥቅ ይችላል። በዚያች ቅጽበት ፍለጋን ከዜሮ መጀመር መስመሩን ያቋርጠዋል። ከግድግዳ ነጥሮ የሚደርስ ሁለተኛ ጨረር ቀድሞ ተመዝግቦ መቀመጥ አለበት።

በመጨረሻም ጨረርን ጠርዙ የተቆረጠ ሾጣጣ አድርጎ መሳል አለ። እውነተኛ አንቴና በጎኑም በጀርባውም ያንጠባጥባል፤ ጎረቤትን የሚረብሸው ይኸው ነው። ንድፉን በኮምፒውተር በሚፈትነው ማስመሰያ ፕሮግራም ውስጥ መግባት ያለበት በመሣሪያ የተለካው ቅርጽ ነው።