ወታደር አባት ሲፈለግ የሚሠሩ ስህተቶች (አብዛኞቹን ሠርቻቸዋለሁ)

አባቴ ሲዘምት እናቴ እኔን አርግዛ ነበር። የቀረኝ አንድ ጉርድ ፎቶና «ናደው ነበር» የምትል የእናቴ ቃል ናት።

እሷኑ ይዤ ዞርኩ። ስህተት አንድ። አንድ ጡረተኛ ሻምበል «ልጄ፣ ናደው ማለት እኮ አዲስ አበባ ነው የሚኖረው እንደማለት ነው» ብለው ሳቁብኝ። ናደው ኤርትራ ግንባር የነበረ የደርግ ጦር እዝ ነው። በስሩ ክፍለ ጦር፣ ብርጌድ፣ ሻለቃ፣ ሻምበል እያለ ይወርዳል። ሰው ደግሞ የሚያስታውሰው አብሮት የበላውን ነው፣ ስለዚህ ቢያንስ ሻለቃውን ሳትይዙ አትነሱ።

ሁለተኛው የዓመት ነገር ነው፣ እኔን በደንብ አልፍቶኛል። ናደው የተደመሰሰበት የአፍአበት ውጊያ መጋቢት 1980 ነው። ፈረንጆቹ ጋ 1988 ይሆናል። እኔ ግን የእናቴን «ሰማንያ» ይዤ የእነሱን 1980 ሳገላብጥ ከረምኩ፤ ያ እኮ በእኛ 1972 ግድም ነው፣ ደርግ ኤርትራ ላይ ያካሄደው ቀይ ኮከብ ዘመቻ እንኳ ገና አልተጀመረም! ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ግድም ላለው ደግሞ ወደ ፈረንጆቹ ለመቀየር በእኛ ዓመት ላይ የሚደመረው 8 ሳይሆን 7 ነው።

ፎቶውን በመስታወት አሽጎ መስቀልም አለ። ዘንድሮ ሳወጣው ጀርባው ላይ የአስመራ ፎቶ ቤት ማኅተም፣ ከስሩም በእስክሪብቶ «ጥቅምት 79» አገኘሁ። ወዲያው «አስመራ ነበር የተዋጋው» አልኩ፣ እሱም ሌላ ስህተት። ወታደር ለፈቃድም ለሕክምናም አስመራ ይገባል።

አንጋፋ ወታደር ስታገኙ ፎቶና ስም አታስቀድሙ። አዝነው «አዎ፣ መሰለኝ» ይሏችኋል፣ እናንተም ታለቅሳላችሁ፣ በኋላ ሌላ ሰው ሆኖ ይገኛል። መጀመሪያ የራሳቸውን ያውሩ፤ የት ነበሩ፣ በሻምበሉ ውስጥ ማን ማን ነበር፣ በምን ስም ይጠራሩ ነበር። ብዙው የሚታወቀው በቅጽል ስሙ ነው፣ በአባቱ ስም አይደለም።

«አልተመለሰም» ማለት ሁሌ «ሞቷል» ማለት አይደለም። በሶማሊያ ጦርነት ከተማረኩት ብዙዎቹ ከ10 ዓመት በላይ ታስረው ነው የተመለሱት። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ሱዳን የገባውም ብዙ ነው።

ትልቁ ስህተቴ ግን እናቴን አንዴ ጠይቄ መተዌ ነው። ዘንድሮ ደግሜ ብጠይቃት ከሳጥኗ ደብዳቤ አወጣች። ለካ አባቴ ፊደል አይቆጥርም ነበር። ጓደኛው ነው የጻፈለት፣ መጨረሻውም ላይ «ጸሐፊው እኔም ሰላም ብያለሁ» ብሎ ስሙን ከነአባቱ አስፍሯል። አሁን የምፈልገው እሱን ነው።