በአይሲዩ (በጽኑ ሕሙማን ክፍል) የደም ሥር መድኃኒቶች በመስመር ውስጥ እንዳይጋጩ እንዴት ማድረግ ይቻላል?

የአይሲዩ ታካሚ መድኃኒቱ ብዙ ነው፣ መስመሩ ግን ጥቂት። አንዳንዴ ሁሉም ነገር የሚገባው በሁለት ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ በምትገባ ቀጭን ቱቦ) ነው። ስለዚህ ሲሪንጅ ከማንሳታችሁ በፊት መስመሩን ደልድሉ።

መጀመሪያ የታዘዘውን ሁሉ ጻፉ፤ የሚንጠባጠበውን ፈሳሽም ጭምር። ፈሳሹን መርሳት የተለመደ ነው።

ቀጥሎ የማይቋረጠውን ለዩ። የደም ግፊት ከፍ የሚያደርገው ኖርአድሬናሊን የራሱ መስመር ይኑረው፤ በዚያ መስመር ሌላ መድኃኒት አትግፉ። ከገፋችሁ ቱቦው ውስጥ የቀረው ኖርአድሬናሊን በአንድ ጊዜ ይገባና ግፊቱ ሽቅብ ይወጣል። ከዚያ ቱቦው በኖርአድሬናሊን እስኪሞላ ድረስ ታካሚው መድኃኒት አያገኝም፤ ግፊቱ ቁልቁል ይወርዳል። በስሪ ዌይ (መስመሮችን በሚያገናኝ ባለ ሦስት አፍ መጋጠሚያ) ላይ ስሪ ዌይ መደርደርም አልወድም። የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚገናኝ ማንም አያውቅም።

አሁን የማይስማሙትን አራርቁ። ሴፍትሪያክሶን ካልሲየም ካለበት ነገር ጋር አይገናኝም፤ የሚንጠባጠበው ፈሳሽ ሪንገር ላክቴትም ካልሲየም አለው። እስከ 28 ቀን ላለ ጨቅላ ደግሞ በሌላ መስመርም ቢሆን ሁለቱን አትስጡ። ፌኒቶይን በኖርማል ሳላይን (በጨው ውሃ) እንጂ በግሉኮስ አይበጠበጥም። ፉሮሴሚድና ሚዳዞላም ሲገናኙ ይደፈርሳሉ። ባይካርቦኔት ከካልሲየም ጋር ይረጋል። አድሬናሊንን ደግሞ ያደክመዋል፤ ይህ ግን በዓይን አይታይም። ጥርት ያለ ፈሳሽ ሁሉ ደህና ነው ማለት አይደለም። ስልክ ላይ ከመፈለግ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሠንጠረዥ ይሻላል። እዚያ የሌለውን ፋርማሲስቱን ጠይቁ፤ መልስ እስክታገኙ ለየብቻ ስጡ።

በአንድ መስመር ተራ በተራ ከሰጣችሁ፣ በፊትም በኋላም በኖርማል ሳላይን እጠቡ። ለአዋቂ 10 ሚሊ ሊትር አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል፤ ለሕፃን መጠኑ ያንሳል። መጨረሻ ላይ የምትገፉት ሳላይን ቱቦ ውስጥ የቀረውን መድኃኒት ነው የሚያስገባው። ስለዚህ ፌኒቶይንን በቀስታ ሰጥታችሁ ሳላይኑን በጥድፊያ አትግፉት።

ስትሰጡ መጋጠሚያውን ወደ ብርሃን አዙራችሁ እዩ። ነጭ ክር የመሰለ ነገር ወይም ደመና ካያችሁ ወዲያው ዝጉ። በሳላይን አትግፉት፤ ያ ነገር ሳንባ ላይ ሊሰካ ይችላል። ቱቦውን ቀይሩ፣ ለሐኪሙ ንገሩ።

በፕላስተር የመድኃኒቱን ስም ከፓምፑ በኩልም ከታካሚው በኩልም ለጥፉ። ፈረቃ ስትረካከቡ ቱቦውን በእጃችሁ ተከትላችሁ አሳዩ።