ግቢዎን ለወፍና ለንብ ሲያሰናዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአዲስ አበባም ሆነ በሌላ የደጋ ከተማ ቤት ሠርቶ የጨረሰ ሰው ቀጥሎ የሚያስበው ግቢውን ማንጠፍ ነው። መኪና የሚቆምበትን ማንጠፍ ተገቢ ነው፤ ስህተቱ ከአጥር እስከ አጥር ማዳረስ ነው። ብዙዎቹ የንብ ዝርያዎች እንደ ማር ንብ በቀፎ ተሰብስበው አይኖሩም፤ እናቲቱ ለብቻዋ አፈር ቆፍራ እንቁላሏን ትጥላለች። ሲሚንቶ ላይ የት ትቆፍር? በአጥሩ ሥር ሁለት ክንድ ያህል አፈር ቢተው የክረምቱም ውኃ መስረጊያ ያገኛል።

ሁለተኛው ስህተት አበባ የሆነ ሁሉ ንብ ይጠራል ማለት ነው። ከችግኝ ሻጭ የሚገዛውን ድርብርብ ጽጌረዳ ጠጋ ብለው ይመልከቱት፤ ቅጠል በቅጠል ላይ ተጠቅጥቆ ንብ የምትገባበት የለውም። ብናኝ የሚያፈራው ክፍል ራሱ በማዳቀል ብዛት ወደ አበባ ቅጠልነት ተለውጧል። የራሳችን ቀጋ ግን አምስት ነጭ ቅጠሎቹን ዘርግቶ፣ መሐሉ ላይ ያለውን ቢጫ ብናኝ ለመጣ ሁሉ አጋልጦ ይጠብቃል፤ በኋላም ለወፍም ለልጅም የሚሆን ፍሬ ይሰጣል። እሾሁ ደግሞ ሌባ ይከላከላል፤ ከአጥር ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣው የፈረንጅ ጥድ በመቀስ ተከርክሞ ሲቆም ያምራል፣ ለንብ ግን ወለላ የለውም። ቀጋ ካልተገኘ ግራዋ፣ አንፋር፣ ራስ ክምርና እሬት አሉ። የኋለኞቹ ሁለቱ በተለይ ቆልማማ መንቆሯን በረጅሙ አበባ ውስጥ እየሰደደች ወለላ የምትመጠውን ትንሽ ወፍ ይጠራሉ።

ለአጥር የሚተከለው የወፍ ቆሎ ግን ይቅርብዎ። አበባው ቢራቢሮ መሳቡ እውነት ነው። ነገር ግን ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ወራሪ ተክል ነው፤ ወፎች ፍሬውን በልተው ዘሩን በየሜዳው ይበትኑታል። በምሥራቅ ኢትዮጵያ የግጦሽ መሬት ወርሯል፣ ቅጠሉም ከብት ይመርዛል።

ጎመን ላይ ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ሲታይ ወዲያው መድኃኒት መርጨትም የተለመደ ነው። ክሽክሹን የምትበላው ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ቀይ ጢንዚዛ ናት፤ እሷን የማያውቅ የለም። ልጇ ግን እናቷን አትመስልም። ጥቁር፣ ረዘም ያለች፣ ጎርበጥባጣ ስለሆነች "አባጨጓሬ ነው" ተብላ ትጨፈለቃለች፤ ክሽክሽ በመብላት ግን ከእናቷ አታንስም። ውኃ በቱቦ በኃይል መልቀቅ ብቻውን አብዛኛውን ክሽክሽ ያራግፋል። መርጨት ግድ ከሆነ ንብ ወደ ቤቷ ከገባች በኋላ፣ ማታ፣ አበባ ያልያዘው ተክል ላይ ብቻ ይሁን።

የአይጥ መርዝ ከሁሉ የከፋ ነው። መርዙን የበላች አይጥ ብዙውን ጊዜ ወዲያው አትሞትም፤ ለቀናት እየተንገዳገደች ስትዞር ለጉጉት ወይም ለጎረቤት ድመት ቀላል ሲሳይ ትሆናለች። ጉጉትን በክፉ ገድ የሚያይ ሰው ብዙ ነው፤ ነገር ግን ግቢዎን በነጻ ከአይጥ የምትጠብቀው እሷ ናት። ወጥመድ ይበቃል።

የደረቀ ቅጠል ጠርጎ ማቃጠልና የደረቀ ግንድ ሁሉ መቁረጥ ከንጽሕና ይቆጠራል። ቅጠሉ ከዛፉ ሥር ቢከመር ትል ያፈራል፣ አፈሩንም ያረጥባል። ግንዱም ቤትና ሰው ላይ የማይወድቅ ከሆነ ይቁም፤ ግንደ ቆርቁር ይፈለፍለዋል። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ሌላ የትም የማትገኘው ትንሿ አረንጓዴ በቀቀንም የምታድረው እንዲህ ባለ የዛፍ ቀዳዳ ውስጥ ነው።

በበጋ ለወፍ ውኃ ማስቀመጥ መልካም ነው፤ ባልዲ ግን ያሰምጣታል። ጣት የማያሰጥም ዝርግ ሳህን ይሁን፣ ውኃውም በየሁለት ቀኑ ካልተለወጠ ትንኝ ይፈለፈልበታል።

በመጨረሻ፣ እንደ መስታወት የሚያንጸባርቁት የፎቅ ቤት መስኮቶች አሉ። ወፏ የዛፉን ምስል ዛፍ መስሏት በርራ ትጋጫለች። አንድ ተለጣፊ ምስል መለጠፍ አይበቃም፤ በመስታወቱ የውጭ ገጽ ላይ፣ ከአምስት ሳንቲ ሜትር ባልራቀ ልዩነት፣ ነጭ ነጠብጣብ መቀባት ያስፈልጋል። የመስኮቱ መልክ ይበላሻል የሚሉ ካሉ፣ ቢያንስ ከዛፉ ትይዩ ያለውን ይቀቡ።